የማያርፍ አየር

አምቦ፣ መጋቢት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዱኛ፣

ሰላምታዬ አገር ላገር ዞሮ፣ ባሕሩንም ተሻግሮ በደህና ያግኝህ። ብርዱን ያቅልልህ፤ የያዝከውንም ትምህርት ከዳር ያድርስልህ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ግን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሰው ሲመጣም ተነሥቼ እቀበላለሁ።

ዝምድናችን ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናትህ የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት። ቢሆንም ከጊንጪ መጥተህ አምቦ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ሁለት ዓመት እኛ ቤት ኖረሃል፤ ከልጄ ከደግፌ ጋር አንድ አልጋ ተኝተሃል። ስለዚህ እንደ ሩቅ ሰው አልጽፍልህም።

ደግፌ ሞቷል። ጥር 16 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሃያ አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

እናትህ ጽፋልህ ይሆናል፤ አሟሟቱን ግን ከእኔ ስማው። የቧንቧ ውሃችን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ የሰፈሩ አሥራ አንድ ቤት ተስማምተን፣ በእኔ ግቢ ውስጥ የጋራ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመርን። የሚቆፍረው ጉደታ የሚባል የጊንጪ ሰው ነበር። አሥራ ስምንት ክንድ ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውሃ ወጣ። ቡልቅ ቡልቅ የሚል፣ እንደ ምንጫችን ጋዝ ያለው ውሃ! ሴቱ እልል አለ። ጉደታ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ወደ ጊንጪ ሄደ። በማግስቱ ደግፌ ወረደ። አልጮኸም፣ አልታገለም፤ ብቻ አልወጣም። ጎረቤታችን ኦቦ ሆርዶፋ ሊያወጡት እስከ ግማሽ ወርደው ራሳቸውን ሊስቱ ሲሉ በገመድ ጎትተን አወጣናቸው።

ሰው የየራሱን ይላል። ገሚሱ የውሃው ቆሌ ነው ይላል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ጋዝ ነው» አለ፤ ከዚያ በላይ አልነገረንም። እኔ ግን ጉደታ ነው እላለሁ። ጉድጓዱን አፉን ከፍቶ፣ ለማንም ምንም ሳይናገር ሄደ። በሽማግሌ ፊት ይህንኑ ተናገርኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ዝም ያለ አመነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አምቦ ውስጥ የሚያስቆፍረው ጠፍቶ ወደ እጃጂ ሄዷል ይባላል።

አሁን ነገሩን ለፍርድ ሸንጎ ላቀርብ ነው። አንተ ኬሚስትሪ ነው የምታጠናው። ልጄን ጋዝ የገደለው በቆፋሪው ቸልተኝነት ነው ብለህ፣ የዩኒቨርሲቲህ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላክልኝ። ገንዘብ አልፈልግም። ወረቀቱን ብቻ።

ዘነበወርቅ ታደሰ


ድሬዝደን፣ ግንቦት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ ዘነበወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ለመጀመር አፈርኩ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ከቤት የነገረኝ አልነበረም። እናቴ በየካቲት በጻፈችልኝ ደብዳቤ «ደግፌ ሰላም ብሎሃል» ብላኛለች። ፈተና ላይ ስለነበርኩ መርዶውን ደብቀውኛል። አልቀየምኩም፤ ውጭ ላለ ሰው እንዲሁ ነው የሚደረገው። መርዶዬን ያነበብኩት በእርስዎ ጽሕፈት፣ ትራም ስጠብቅ ቆሜ ነው። ሦስት ትራም አለፈኝ።

እትዬ፣ የጠየቁኝን ወረቀት መላክ አልችልም። ማኅተሙ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ቢሆንም ስላላየሁት ሰው ጥፋት አልፈርምም። የምችለው የተማርኩትን መንገር ነው። ስለ ጋዝ ማጥናት ስንጀምር አምስት ነገሮችን እናስቀምጣለን፤ ታሳቢዎች እንላቸዋለን። ቀስ ብለው ያንብቧቸው።

ጋዝ ሁሉ፣ የምንተነፍሰውም ቢሆን፣ በዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እጅግ ሰፊ ስለሆነ የራሳቸው መጠን ከቁጥር አይገባም። የጊንጪ ገበያ ከተበተነ በኋላ ሜዳው ላይ የቀሩትን አራት አምስት ሰዎች ያስቡ። ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ ቅንጣቶቹ አያርፉም። እርስ በርስ ወይም ከግድግዳ ጋር እስኪላተሙ ድረስ በየአቅጣጫው ቀጥ ብለው ይሮጣሉ። ሦስተኛው፣ ሲላተሙ ጉልበታቸው አያልቅም። የገና ሩር ተመትታ ተመትታ መጨረሻ ላይ ትቆማለች፤ እነዚህ ግን አንዱ ያጣውን ሌላው ይወስዳል እንጂ ድምሩ አይጎድልም። አራተኛው፣ አይሳሳቡም፣ አይገፋፉምም። ተላትመው ይተላለፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይዝም። የመጨረሻው ስለ ሙቀት ነው። ሙቀት የምንለው የእነሱ ሩጫ ነው፤ በሞቀ ቁጥር ይፈጥናሉ። በአንድ ሙቀት ላይ የሁሉም ጋዝ ቅንጣት በአማካይ እኩል ጉልበት ስላለው ከባዱ ይዘገያል፣ ቀላሉ ይፈጥናል። አምቦ ውሃ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከምንተነፍሰው አየር ይከብዳል።

ከእነዚህ አምስት ተነሥተን ብዙ ነገር እናሰላለን፤ ከሞላ ጎደልም ይገጥማል።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ጉደታ በሌለበት ደግፌ ለምን ወረደ? ማን ላከው? ጉደታስ ሲሄድ በእውነት ምንም አላለም?

ከሐዘንዎ ጋር ብቻዎን እንዳይቀሩ እየለመንኩ፣
አዱኛ


አምቦ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዱኛ፣

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይበላሽ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስህ ተሳልኩ። በመርዶ ነጋሪነቴ ይቅር በለኝ፤ እናትህ ነግራህ መስሎኝ ነበር። እግዚአብሔር አንተንም ያጽናህ፤ እኔ ልጄን ሳለቅስ አንተ ወንድምህን እንዳጣህ አላሰብኩም።

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። እንደምታውቀው ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ በአርባ ዓመቴ ነው፤ ከዚያም ማታ እየተማርኩ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ሳነብ እዘገያለሁ እንጂ አልዘልም። ለጎረቤቴ ለዘርፈሽም አነበብኩላት። «አይሳሳቡም፣ አይገፋፉምም» የሚለው ላይ ስደርስ «እንግዲያው የኛ ሰፈር ሰዎች አይደሉማ!» አለች። ከጥር ወዲህ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ግን አዱኛ፣ ሒሳብህ አልገጠመልኝም።

አያርፉም፣ ቀጥ ብለው ይሮጣሉ ብለሃል። ባለፈው ማክሰኞ ፋኖስ ስሞላ ላምባ ጓዳ ውስጥ ፈሰሰብኝ። ዘርፈሽ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅም ነበር። «ሸተተሽ?» አልኳት። «ምኑ?» አለችኝ። አንድ እፍኝ ለቅማ ጨርሳ ሁለተኛውን ከጀመረች በኋላ ነው «ኧረ፣ ላምባ ደፋሽ እንዴ?» ያለችው። ስምንት እርምጃ ነው። የሚሮጥ ነገር ስምንት እርምጃ ለመድረስ ይህን ያህል ይቆያል?

ጉድጓዱስ? አፉ ክፍት ነበር። ከላይ ሰማይ ሙሉ ባዶ ቦታ አለ። የማያርፍ ከሆነ፣ አንዱ ሌላውንም የማይዝ ከሆነ፣ ለምን አልወጣም? ለምን እታች ተቀምጦ ልጄን ጠበቀው? ወይ ታሳቢህ ውሸት ነው፣ ወይ ልጄን የገደለው ጋዝ አይደለም። ደግሞስ ታሳቢ ምንድን ነው? በእኛ ሸንጎ «ይመስለኛል» የሚል ምስክር ይመለሳል።

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳላዝን ብለህ አትሸፍነኝ። አምቦ ውስጥ ሰው ራሱን ሲስት ፊቱ ላይ የምንጭ ውሃ እንደሚረጭ ታውቃለህ፤ ጋዙ ያነቃል እንላለን። ያን ቀን ደግፌ እታች ወድቆ ስናየው፣ ሴቶቹ ከምንጩ የተቀዳ ሁለት ጀሪካን ከላይ አፈሰሱበት። እኔም «ጨምሩ!» እያልኩ ነበር። የገደለው ያ ጋዝ ከሆነ፣ እኛ ጨመርንበት እንዴ?

ለፍርድ ሸንጎው ገና አልከሰስኩም። መልስህን እጠብቃለሁ።

ዘነበወርቅ


ድሬዝደን፣ ጥቅምት 5 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘነበወርቅ፣

አዲሱ ዓመት ካለፈው የቀለለ ይሁንልዎት። ሦስት ወር ዝም ያልኩት ረስቼ አይደለም። ጥያቄዎን መመለስ አቅቶኝ ነው።

ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። በመጨረሻ ወደ መምህሬ ሄድኩና የላምባውን ነገር እንዳለ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ በእርስዎ ግን አይደለም። «ይህ ሐሳብ ገና አዲስ ሳለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አንድ የሆላንድ ምሁር ይህንኑ ብሎ ተከራክሮ ነበር። ይሄን ያህል ከፈጠኑ ጭስና ሽታ ለምን ይዘገያል ብሎ። መልስ ለማግኘት ዓመት አልፏል። ሴትዮዋ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ። «ልጃቸውን አጥተዋል» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልሳቁም። ተቀምጠው እስከ ምሳ ድረስ አስረዱኝ።

መልሱ ይህ ነው። ቅንጣቶቹ ይሮጣሉ፤ ግን ሩቅ አይሄዱም። የአንዲት ፀጉር ውፍረት ያህል ለማለፍ ሺህ ጊዜ ያህል ይላተማሉ። እናቴን አምቦ ቅዳሜ ገበያ ላይ ያስቧት። እርምጃዋ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንዱ «አካም ቡልቴ?» ብሎ እንዴት አደርሽ ሲላት ወዲህ ትዞራለች፣ ሌላዋ ስትጠራት ወዲያ ትመለሳለች። ከአህያ ተራ በርበሬ ተራ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ስላልሮጠች አይደለም፤ ሩጫዋ ሁሉ በየአቅጣጫው ስለተበተነ ነው። ነፋስ በማያገኘው ጉድጓድ ውስጥ፣ ያ ከባድና ዘገምተኛ ጋዝ አሥራ ስምንት ክንድ ወደ ላይ ለመውጣት ሳምንታት ይፈልጋል። ከታች ደግሞ የሚፈላው ውሃ ሳያቋርጥ አዲስ ይጨምርበታል። ደግፌን ማንም ተቀምጦ አልጠበቀውም እትዬ። የሚወጣው ከሚገባው አነሰ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ስለ ጀሪካኑ። ጨምራችሁበታል፤ ግን ከነበረው ላይ ጠብታ ነው። እዚያ የነበረው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ሰውን ራሱን ያስታል። ውሃው ሲፈስ እሱ የሚሰማው ነገር አልነበረም። አልሸፈንኩዎትም።

ታሳቢ ምስክር አይደለም፤ ልክ ነዎት። «እንዲህ ነው እንበልና እንሂድ፤ ካልገጠመ ተመልሰን እናርመዋለን» ማለት ነው። አይሳሳቡም ያልኩት እንኳ ፍጹም እውነት አይደለም፤ ትንሽ ይሳሳባሉ። መጀመሪያ ላይ መሳሳት እዚህ አያሳፍርም። አልገጥም ሲል ይዞ መቅረት ነው የሚያሳፍረው።

አሁን አንድ ነገር ሌት ተቀን እያሰብኩ ነው። እኔ የጊንጪ ልጅ ነኝ፤ የቆፋሪዎቻችንን ልማድ አውቃለሁ። ውሃ ሲወጣ «ጉድጓዱ ይረፍ» ብለው ሁለት ሦስት ቀን ይተዉታል፤ ከዚያ ዋናው ቆፋሪ ቀድሞ ይወርዳል። ይህን ለባለ ግቢው ሳይናገር የሚሄድ የጊንጪ ቆፋሪ አይቼ አላውቅም። ልማዱ ራሱ ስሕተት ነው፤ አየር አያርፍምና፣ ባረፈ ቁጥር ጉድጓዱ ይበልጥ ይሞላል። ጉደታ እጃጂም እንዲሁ እያሳረፈ የሚቆፍር ከሆነ አንድ ቀን ወርዶ ይቀራል።

ለማንም አልተናገረም ያሉት፣ እርግጠኛ ነዎት? ይህን ስጠይቅዎት ሁለተኛዬ ነው።

አዱኛ


አምቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዱኛ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህን እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ አምስት ቀን ነው የጻፍኩት።

ነግሮኛል።

ዓርብ ዕለት ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አዴ ዘነበ፣ ጉድጓዱ ይረፍ። ሰኞ እኔ መጥቼ ቀድሜ እስክወርድ ማንም እንዳይወርድ። ለአንቺ ነው የምነግረው፤ የጉድጓዱ አፍ በአንቺ እጅ ነው» አለኝ። አዴ የሚለኝ በኦሮምኛው ነው፣ አክብሮ። «ሂድ፣ ለቅሶህን ድረስ፤ ጉድጓድ እጠብቃለሁ» አልኩት።

ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ነበር። አዲስ የፈለቀ ባለ ጋዝ ውሃ፣ የመጀመሪያው ቡልቅታ በባዶ ሆድ ሲጠጣ መድኃኒት ነው ይባላል፤ አንተም ሰምተሃል። ቅዳሜ ጠዋት ደግፌን «አንድ ጠርሙስ ቅዳልኝ» አልኩት።

«እማዬ፣ ኦቦ ጉደታ ይረፍ ብሎ የለም እንዴ?»

«እሱ የሚያሳርፈው ወገቡን ነው። ውሃ ምን ይሆናል?»

«እሺ፤ ግን ቀድሜ እኔ ነኝ የምቀምሰው» ብሎ ሸሚዙን አወለቀ። ጉደታ ግድግዳው ላይ በቆፈራቸው መርገጫዎች ደግፌ ወረደ። እኔ ከላይ ቆሜ «ቀስ በል» እያልኩት ነበር።

ያለው ይኸው ነው። ለሽማግሌዎቹ ስናገር ውሸት ልናገር ብዬ አልተነሣሁም። አፌን ስከፍት «ለማንም ሳይናገር ሄደ» የሚለው ወጣ። ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀና መመለሻ አጣሁ። ጉደታ ዝም ሲል ጭራሽ እውነት መሰለኝ። አንተ ስትጠይቀኝ ስለ ላምባ ጻፍኩልህ። ላምባውን እውነት ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ለመሸሺያም ሆኖኛል።

ታሳቢዬ ጉደታ ነው የሚል ነበር። ይኸው አልገጠመም።

ወረቀቱን ተወው። የምፈልገው ሌላ ነው። ጉደታ እጃጂ ላይ ለትምህርት ቤት ጉድጓድ እየቆፈረ ነው፤ አሥር ክንድ አልፏል አሉ። በሰው ብልክበት «የዘነበወርቅ መልእክት» ብሎ አይሰማኝም፤ ቢሰማም ልክ ነው። ራሴ መሄድ አለብኝ። ከሄድኩ ደግሞ በመጀመሪያ የምናገረው ስለ ጋዝ አይሆንም። ኦቦ ሆርዶፋን ሽማግሌ አድርጌ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ለእሳቸውም ገና አልነገርኳቸውም።

ሰው ከመውረዱ በፊት ጉድጓዱ ደህና መሆኑ እንዴት ነው የሚታወቀው? ይህን ብቻ ጻፍልኝ። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው እንኳ ሊሠራው በሚችል መንገድ ጻፈው።

ዘነበወርቅ


ድሬዝደን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

እትዬ ዘነበወርቅ፣

ሰላምታው ይቆየኝ። ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ጓደኛ ስላለኝ ይህን በእጁ እልካለሁ፤ ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ እንዲያደርስልኝ አስምዬዋለሁ።

ፋኖስ አብርታችሁ በገመድ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። እስከ መጨረሻው ወለል ድረስ፤ ግማሽ ላይ ማቆም ዋጋ የለውም። ከፈዘዘ ወይም ከጠፋ ማንም አይውረድ። የቆየ አየር ብቻ ከሆነ፣ ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ በገመድ አስራችሁ ረጅም ሰዓት ወደ ላይ ወደ ታች እያላችሁ በጥብጡት፤ ለቅንጣቶቹ የጎደላቸው ነፋስ ነውና ነፋሱን እናንተ ሁኑለት። ከዚያ ፋኖሱን ደግማችሁ ሞክሩ። ትናንት በርቶ ነበር ብሎ ዛሬ መውረድ የለም፤ በየጠዋቱ ይሞከር። ፋኖሱ ቢበራም የሚወርደው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር፤ ገመዱን የሚይዝ ሰው ከላይ አይጥፋ። የሚወድቅ ሰው ቢኖር እንኳ ተከትሎ የሚወርድ አይኑር፤ ይጎተት። ውሃው እንደ አምቦ የሚፈላ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ይደፈን። ይህኛው አይሸነፍም።

ስለ ሌላው። አንብቤ ወጥቼ ወንዙ ዳር ዳር ሄድኩ። ልፈርድብዎት ሞክሬም ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎት። አልሆነልኝም። «ቀድሜ እኔ ነኝ የምቀምሰው» የሚለውን በራሱ ድምፅ ሰማሁት። ደግፌ እንዲያ ነበር። ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

ይሂዱ እትዬ። ቶሎ ይሂዱ።

አዱኛ


አምቦ፣ ጥር 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዱኛ፣

ያሰብከው ይሙላልህ፤ የላክኸው ሰውም ይባረክ። ታኅሣሥ 14 ቀን በራፌ ላይ ቆሞ «አዱኛ ቃል አስገብቶኝ ነው» አለኝ፤ አቧራ ለብሶ። ምሳ ሳይበላ አልለቀቅኩትም። በማግስቱ ፋኖሴን በነጠላ ጠቅልዬ ከኦቦ ሆርዶፋ ጋር እጃጂ በሚያልፈው አውቶቡስ ተሳፈርን።

መጀመሪያ የሰፈሩን ልንገርህና ልገላገል። ጥር 16 ቀን በሙት ዓመቱ ላይ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ቆሜ ተናገርኩ። ማንም አልጮኸብኝም። ዘርፈሽ ተነሥታ ወጣች፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን በሬን ገፋ አድርጋ «ጨው አለሽ?» አለችኝ። እሷ ጨው አያልቅባትም። በግቢዬ ያለውንም ጉድጓድ አሥራ አንዱ ቤት ተሰብስቦ በአፈር ሞላው።

እጃጂ የደረስነው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጉደታ አፈር ክምሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አውልቆ ነበር። ጉድጓዱ አሥራ ሦስት ክንድ ሆኖ ከማክሰኞ ጀምሮ «አርፏል»፤ ሊወርድ ነው።

«አትውረድ!» አልኩት ከሩቅ።

ቀና ብሎ አየኝ። «አዴ ዘነበ። ደህና ነሽ? ቤቱስ ደህና ነው?» አለኝ፤ ትናንት እንደተለያየን።

ኦቦ ሆርዶፋ ዱላቸውን ተክለው ምርቃት ጀመሩ። የሳቸው ምርቃት ካልተቋረጠ እንደማያልቅ ታውቃለህ። አቋረጥኳቸው። «ኦቦ ጉደታ፣ ነግረኸኝ ነበር። ደግፌን የላክሁት እኔ ነኝ። በሽማግሌ ፊት ዋሽቼብሃለሁ» አልኩ። ኦቦ ሆርዶፋ እጃቸው በአየር ላይ እንደተነሣ ቀረ።

«አውቃለሁ» አለ ጉደታ።

«ማወቅህንማ አውቃለሁ! ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ 'እሷ ናት' ልበል? ፊትሽን አየሁት። ጉድጓዱ አፉ ክፍት ነበር። ይቺ ሴት ይህን ከሰማች ዛሬውኑ ተከትላው ትገባለች ብዬ ፈራሁ። እኔ እንጀራዬን ሌላ አገር አገኛለሁ አልኩ።» ከዚያ ወደ ኦቦ ሆርዶፋ ዞሮ «ግን ይሄን ያህል ሩቅ ነው ብዬ አልነበረም፤ የእጃጂ አፈር ድንጋይ ነው!» አለ። ሽማግሌው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔ አለቀስኩ።

ደብዳቤዎችህን አነበብኩለት። አየር አያርፍም የሚለው ጋ ስደርስ «ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። «እንግዲያው ሰኞ መጥቼ ብወርድ ኖሮ የምቀረው እኔ ነበርኩ። አባቴም እንዲህ ነው ያስተማረኝ። 'ይረፍ' ያልኩት እኔ ነኝ አዴ፤ ከጥፋቱ ለእኔም ድርሻ አለኝ፤ ሁሉንም ብቻሽን አትውሰጂ» አለ።

ፋኖሱን አበራንና አወረድነው። እኔ ነኝ ገመዱን የለቀቅኩት፣ ክንድ በክንድ እየቆጠርኩ። ዘጠነኛው ላይ ፈዘዘ። አሥራ አንደኛው ላይ ጠፋ። ጉደታ ባዶ እግሩን አየና ጫማውን አጠለቀ።

የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስረን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጠበጥነው። የትምህርት ቤቱ መምህራን ሳይቀሩ ተፈራረቁ፤ አንደኛው «እኛ ይህን ሰሌዳ ላይ እናስተምራለን፤ እጃችንን ሲልጥ ግን ዛሬ ነው ያየነው» አለ። ፋኖሱ ሁለተኛ ሲወርድ እስከ ወለሉ በርቶ ደረሰ። ጉደታ ዕለቱን ሊወርድ ነበር፤ እኔ እንቢ አልኩ። እዚያው አደርን። ጠዋት እንደገና አውርደን አየነው፤ በራ። ውሃውም የሚፈላ አይደለም፤ ጭቃ ብቻ ነው።

ከዚያ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰርኩት፤ ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ። ከኋላዬ ሁለት መምህራን ቢይዙም የፊተኛው እጅ የእኔ ነበር። ሲወርድ መጀመሪያ ፊቱ እየታየኝ፣ ቀጥሎ ባርኔጣው ብቻ፣ ቀጥሎ የፋኖሱ ብርሃን ብቻ ሆነ። መተንፈስ አቆምኩ መሰለኝ፤ ኦቦ ሆርዶፋ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ የአካፋ ድምፅ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀጥሎ ጩኸት።

«አዴ ዘነበ! ገመዱን ላላ አድርጊው እንጂ! አየሩ የማረኝን አንቺ ወገቤን ቆርጠሽ ልትገድዪኝ ነው!»

ከላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ኧረ ላላ አድርጊለት» አሉኝ ኦቦ ሆርዶፋ።

እኔ ግን አንድ ዙር ጨምሬ እጄ ላይ ጠመጠምኩት።

ዘነበወርቅ